የግድ ምርመራ

እናቷም ታላቅ እህቷም በጡት ካንሰር የሞቱባት ሴት በየመንፈቁ እንድትመረመር፣ ማሽኑ አንዳች ነገር ካየ ደግሞ ጡቷ ያኑ ዕለት እንዲቆረጥ የሚያዝ አዋጅ ወጥቷል። ብርነሽ ተደጋግማ ብትጠራም አልሄደችም። በመጨረሻ የጤና መርማሪዎች ዘበኞች አስከትለው ኮምቦልቻ ያለውን ቤቷን በር ገንጥለው ገቡ።

የምታጠባውን ሕፃን አልጋው ላይ አስተኝታ ዘነዘና አነሣች። ፊት የገባውን ዘበኛ አፉን ብትለው ጥርሱ ረገፈ። ሌሎቹ ፀጉሯን ይዘው በጀርባዋ ጣሏት፤ በጉልበታቸው ተጭነው አሰሯትና ይዘውት የመጡትን የመመርመሪያ ማሽን ደረቷ ላይ አሳለፉት።

አብራቸው የመጣችው ነርስ ስክሪኑን አየችና ድምጿ ለሰለሰ።

«እህቴ፣ ግራው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት አለች። ገና ጅምር ናት፤ ትድኛለሽ።»

ብርነሽ ስትወድቅ ከነከሰችው ምላሷ የመጣውን ደም ተፋች።

«ፈርቼ እኮ ነው የቀረሁት። አንድ ሰው መጥቶ እጄን ቢይዘኝ በእግሬ እመጣ ነበር።»

ሕፃኑ እሪ ይላል።

«ፍቱኝ» አለች ብርነሽ፤ «ቀኙን አይወድም። ከመቁረጣችሁ በፊት ከግራው አንዴ ላጥባው።»

ፈቷት። ጥርሱ የረገፈው ዘበኛ ሕፃኑን ከአልጋው አንሥቶ አቀበላት፤ ልጁ እስኪጠግብ ድረስም ማንም አላቻኮላትም።