አርባው የትራስ ልብስ

እትዬ መርፌ ስምንት ሰዓትን የሚጠሉትን ያህል የጠሉት ነገር የለም። ልክ ስምንት ሰዓት ሲል ምራታቸው የስፌት መኪናዋን ሸፍና ትነሳለች።

ሰፈሩ እትዬ መርፌ የሚላቸው ለእጃቸውም ለምላሳቸውም ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሰፍተዋል። ባላቸውን በቀበሩ በአራተኛው ቀን መኪናቸው ላይ ተገኝተዋል። አንድ ልጃቸውን ያሳደጉት፣ ሱቁንም የከፈቱት፣ ከማለዳ እስከ ምሽት አጎንብሰው ነው። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ለእሳቸው የሰው ኪስ እንደ መግባት ነው። ሲታመሙ እንኳ አልጋ ላይ ሆነው ቁልፍ ይተክላሉ።

ምራታቸው ሌላ ፍጥረት ናት። ሰኞ የሳምንቱን ልብስ ሁሉ ባንድ ጊዜ ትቆርጣለች። ማክሰኞ እጅጌ ብቻ፣ ረቡዕ አንገትጌ ብቻ ትሰፋለች። አትቸኩልም፤ እያንጎራጎረች ነው የምትሠራው። ስምንት ሰዓት ላይ ጨርሳ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ጓሮ ካለው ክፍል ትገባና በሩን ትዘጋለች። ደንበኛው ሁሉ የሚጠይቀው ደግሞ እሷን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሱቁ ጎን ያለውን ቤት ጨምሮ ሰፋ።

«እዚያ ውስጥ ተዘግተሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አረፍ ልበል ብዬ ነው፣ እማማ።»

«እኔ በአንቺ ዕድሜ አረፈ ሲባል የምሰማው ለቅሶ ቤት ብቻ ነበር።»

ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። እትዬ መርፌም ያችን አስተያየት ያዙባት። ጥፋት የሌለበት ሰው እንዲህ አይሽኮረመምም።

የእሳቸው ሥራ የትራስ ልብስ ነው። አምና አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን መልሳ አምጥታ፣ አንዱ እጅጌ አጠረ ብላ ነበር። እትዬ መርፌ «ያጠረው ክንድሽ ነው» ብለው ሸኟት። በዚያው ሰሞን ምራታቸው ከአንድ ትልቅ ሆቴል ሥራ ይዛ መጣች፤ በሳምንት አርባ፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ልክ።

«ትንሽ ትንሹን ለእኔ ይተዉልኝ፣ እማማ። ይሄ ሁነኛ እጅ ይፈልጋል» አለቻቸው።

ይሄማ እውነት ነው አሉ። ጠዋት ልጃቸው ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት መኪናቸው ላይ ክር ያስገባላቸዋል። ዓይናቸው ምንም አልሆነም፤ የመርፌው ቀዳዳ ነው ከዓመት ዓመት እየጠበበ የሄደው። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ቀና አይሉም። የሰፉትን ምራታቸው በየቀኑ ወደ ጓሮው ክፍል ትወስደዋለች። ቅዳሜ አርባው ታጥፎ ይሄዳል፤ ሰኞ ሌላ አርባ ተቆርጦ ይመጣል።

«ምን ዓይነት እንግዳ ቢያሳድር ነው? ትራሱን ይበሉታል እንዴ?» ይላሉ። «ጨርቁም ጨርቅ አይደል። ገና ሳይሰፋ ዳር ዳሩን ብል የነካው ይመስላል።»

አንድ ቀን በጓሮ በኩል ሲያልፉ ከተዘጋው በር ጀርባ የመቀስ ድምፅ ሰሙ። የሚያርፍ ሰው መቀስ ምን ያደርግለታል? ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠላቸው። ከአርባው እየቀነሰች፣ እየቀደደች ለሌላ ትሸጣለች። ሳይደክሙ ማደግ በሌላ ሰው ላብ ካልሆነ በምን ይሆናል?

ልጃቸውን ጠሩት።

«እጅ ከፍንጅ የያዝኳት ቀን ወይ እሷ ትወጣለች ወይ እኔ። ይሄ ቤት የቆመው በእኔ ወገብ ነው።»

«እማዬ፣ ተይ በናትሽ» አለና እሱም ዓይኑን ሰበረ። ሚስቱን ፈርቶ ነው አሉ እትዬ መርፌ።

በዚያ ሳምንት ቀይ ክር ገዙ። መርፌው ውስጥ ሲያስገቡት ረፋዱ አለቀ። በየትራስ ልብሱ ጥግ ላይ፣ ከስፌቱ ገባ ብለው፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቋጠሮ ቋጠሩ። የትም ብትሸጠው «የእኔ ነው» ብለው የሚይዙት ምልክት ነው።

ቅዳሜ ምራታቸው ከጓሮው ክፍል ስትወጣ ጠብቀው ቦርሳዋን ነጠቋት። ልጃቸውም ሁለት ደንበኞችም እያዩ ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ማበጠሪያ ወጣ። መቀስ ወጣ። ብርቱካን የሚያህል፣ የተድቦለቦለ ነጭ የክር ቁርጥራጭ ወጣ። የትራስ ልብስ የሚባል የለም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆሻሻ ነው፣ እማማ። ልጥለው ነበር። ይቅር ይበሉኝ» አለችና አለቀሰች።

ምንም ሳትሰርቅ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። ደንበኞቹ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

እሑድ እትዬ መርፌ ምግብ አልወርድ አላቸው። በሠላሳ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው ዋሉ። የሰው ልጅ በሰው ፊት ሌባ አድርገዋል። ለምን? ሥራዋን ጨርሳ ስለተነሳች! ማረፍ ወንጀል ነው ብሎ የፈረደው ማን ነው? እሳቸው። በጓሮ ስታርፍ እንኳ እየፈራች ነው ያረፈችው።

ሰኞ ጠዋት ምራታቸው ዓይኗ አብጦ፣ የሳምንቱን ጨርቅ ታቅፋ መጣች።

«ያው አዲሱ ነው፣ እማማ። ገና ከፋብሪካ የወጣ።»

«ልጄ» አሏት። ልጃቸውን ካገባች ወዲህ እንዲህ ብለዋት አያውቁም። «ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ። እኔም እነሳለሁ፤ እዚያ ክፍልሽ ገብተን አብረን እናርፋለን።»

ልጅቷ ክው አለች።

እትዬ መርፌ የመጀመሪያውን ጨርቅ ዘረጉት። ሳሙና ሳሙና ሸተታቸው። እንደ ልማዳቸው ጥጉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

ቀይዋ ቋጠሮ እዚያው ነበረች።