የኤልዳና እንጨት

ለእንቅርት የጨረር መድኃኒት የዋጠ ሰው እጁ ላይ የታሰረው አምባር አረንጓዴ እስኪያበራ ልጁን ማቀፍ በሕግ ተከልክሏል። በሆስፒታላችን አምባሮቹን የማስተካክለው እኔ ነኝ። የወንድሜን የይርዳውንም ያስተካከልኩት እኔው ነኝ።

አምባሩ በሰውነቱ የቀረውን ጨረር በትክክል እንዲለካ፣ መጠኑ የታወቀ የማነጻጸሪያ ናሙና ወስጄ ጨረሩን አስር ደቂቃ መቁጠር ነበረብኝ። የዚያን ቀን ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶት ስለነበር አንድ ደቂቃ ቆጥሬ ተውኩት። ቢሳሳትስ ስንት ይሳሳታል ብዬ።

አምስት ቀን ይበቃው የነበረው ይርዳው አምባሩ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቀይ ሲያበራበት ሰነበተ። የአራት ዓመት ልጁ ኤልዳና ምሳውን ከበሩ ላይ ቆማ በመወልወያ እንጨት እየገፋች ታቀርብለት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠረጠርኩ። ናሙናውን በወጉ አስር ደቂቃ ቆጥሬ፣ ቤቱ ሄጄ አምባሩን ሳስተካክለው ወዲያው አረንጓዴ በራ።

«እህት ዓለም፣ ውለታሽን በምን እከፍለዋለሁ!» አለኝ ይርዳው። ከዚያ ተንበርክኮ እጆቹን ዘረጋ፤ «ነይ የኔ እናት!»

ኤልዳና ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። አባቷን ትንሽ አየችውና የመወልወያውን እንጨት ዘረጋችለት። ጫፉን ያዘው።

«ለምዳው ነው» አለኝ ፊቱን ሳያዞር፤ «የማንም ጥፋት አይደለም።»

«አዎ» አልኩት።