የብዙነህ ጀልባ

ባሌን ከውቅያኖስ ጉዞው ያስቀሩትን ሽማግሌዎች የላክኋቸው እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። የሚያውቁት ጎረቤታችን እትዬ አልታየሽ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ምስጢሬን ይዘው አለፉ።

ብዙነህ ጀልባዋን የገዛት ከአንድ የእሽቅድምድም ክለብ ነው። ትራይማራን ናት፤ መሀል አንድ ትልቅ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን አካል ያላት፣ አራት ሰው እንዲነዳት የተሠራች ፈጣን ጀልባ። እሱ ደግሞ አትላንቲክን ብቻውን ሊያቋርጥባት ተነሳ። ከእኛ ሰው ማንም ያልሞከረውን ሊያደርግ መሆኑን በየክርስትናው፣ በየሠርጉ ያወራ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከኬንቲሽ ታውን ተነስተን፣ ምሥራቅ ለንደን ቴምዝ ዳር ወዳለው የጀልባ መጠገኛ እንወርዳለን። አራት ሰው የሚጎትተውን ገመድ ሁሉ አንድ ሰው ከመሪው ሳይነሳ እንዲደርስበት ማድረግ ነበረብን። ብዙነህ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ይበሳል፣ ያስራል፤ እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ እጄን እዘረጋለሁ። ለእኔ አጭር ክንድ ከደረሰ ለእሱ መድረሱ አይቀርም። ሰው ሲተኛ ጀልባዋን የሚመራውን አውቶፓይለት የገጠምኩትም እኔ ነኝ፤ እሱ መመሪያ ማንበብ አይወድም።

ለሙከራ ወደ ወንዙ አፍ ስንወጣ ለዩቲዩብ ራሱን በቪዲዮ ይቀርጻል። ካሜራ የያዘ ሰው መሪ መያዝ ስለማይችል እኔ እይዝለታለሁ። አንድ ቀን ማዕበል ሲያነሳን፣ ራሱን ከጀልባዋ ጋር የሚያስርበትን ቀበቶ ቤት ረስቶት እንደመጣ አየሁ። ይህ ሰው ብቻውን ከወጣ እንደማይመለስ ያን ዕለት ገባኝ።

ልነግረው ሞከርኩ። «ፈራሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አዎ አልኩት። ምን እንደፈራሁ አልጠየቀኝም።

የመነሻው ቀን ሲቃረብ ከምሠራበት ፋርማሲ ረጅም ፈቃድ ወሰድኩ። እትዬ አልታየሽ ይህን ሲሰሙ፣ «ሰው ሳይሞት ሐዘን ልትቀመጪ ነው?» አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሽማግሌ ይዘው እንዲመጡ፣ ማን እንደላካቸውም እንዳይናገሩ ለመንኳቸው።

በጉዞው ዋዜማ ከጋሽ ፀሐዬ ጋር መጡ። ጋሽ ፀሐዬ በቤተ ክርስቲያናችን ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። ወንበር ብናቀርብላቸው ሁለቱም አልቀመጥ አሉ። ብዙነህ ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ሽማግሌ ቆሞ ሲቀር ጥያቄው ካልተፈጸመለት አይቀመጥም።

«እኔ ጉልበቴን ያመኛል» አሉ ጋሽ ፀሐዬ። «የምታቆመኝ አንተ ነህ፣ ልጄ።»

ስለ ዓሣ ነባሪ፣ በሌሊት ስለሚያልፉ የጭነት መርከቦች ነገሩት። እትዬ አልታየሽ ወደ እኔ እየጠቆሙ ይህችን ልጅ ለማን ትተዋታለህ አሉት። አንገቴን ደፋሁ። ብዙነህ ስለ ልፋቱ፣ ስለ ተመልካቾቹ ተከራከረ፤ በመጨረሻም ሰው ምን ይለኛል አለ።

«ሽማግሌ አከበረ ይልሃላ» አሉት ጋሽ ፀሐዬ።

ያኔ ትከሻው ወረደ። ለወራት እንዲህ ቀሎት አላየሁትም ነበር።

«እንግዲያው ማልልን።»

«በሚካኤል፣ ሁለተኛ እግሬን አላሳርፍባትም።»

«ጀልባዋስ?»

«ለሚስቴ ለሐረገወይን ሰጥቻታለሁ። ከፈለገች ትሽጣት፣ ከፈለገች ዶሮ ታርባባት።»

ተሳሳቁ፤ ተቀመጡም። ጋሽ ፀሐዬ ትዳራችሁን ያጽናው፣ የሄደውን በሰላም ይመልሰው ብለው መረቁ። የሄደ ሰው ስለሌለ እትዬ አልታየሽ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። እኔ ግን አሜን አልኩ። ብዙነህ ደህና አድርጎ በላ፣ በጊዜም ተኛ።

በነጋታው ጠዋት፣ የቴምዝ ውሃ ወደ ባሕሩ መመለስ ሲጀምር፣ ሸራዋን ዘርግቼ ብቻዬን ወደ አትላንቲክ ወጣሁ።