የአባባ ጓንጉል ምርቃት

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሁለት ሳምንት የማንም ትንፋሽ ሳይነካው ይቆይ የሚለው ደንብ ከወጣ ወዲህ መንገደኛ የሚሰናዳው በር ዘግቶ ነው። የኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ ትርሲትም ስለ ኮሌራ ልታጠና ማላዊ ልትሄድ ክፍሏን ዘግታ ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ትንፋሽ ከነካት ለመቆጣጠሪያ የታሰረላት የእጇ አምባር ይቀላል፤ ጉዞዋም ይቀራል።

በጉዞዋ ዋዜማ አያቷ አባባ ጓንጉል ከወረኢሉ መጥተው በሯን አንኳኩ።

"ክፈቺልኝ፤ ልመርቅሽ።"

"አይቻልም አባባ። እዚያው ሆነው ይመርቁኝ።"

"እንትፍ ሳልልብሽ? ምኑን ምርቃት ሆነ?"

ማላዊ ሄዳ ሽማግሌዎችን "ይህ ልማድ ይቅርባችሁ" የምትለው እሷው ናት፤ ለአያቷ ግን አልደፈረችም።

አባባ ጓንጉል በጓሮ በኩል ወደ መስኮቷ ዞሩ። ገባትና ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

"እሾህ አይውጋሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ" አሉና ከውጭ እንትፍ እንትፍ አሉባት። አምባሩ አልቀላም።

ከወር በኋላ ከማላዊ በቪዲዮ ስትደውል እናቷ እዚያው የትርሲት ክፍል ተቀምጣ ነበር። ከጀርባዋ ያሉት የመስኮቱ መስታወቶች ተወልውለው ያበራሉ፤ ትርሲት ግንባሯን የለጠፈችባት አንዷ ብቻ ደብዝዛለች።

"ዝናቡ እንዳያጥባት" አለች እናቷ ዞር ብላ እያየቻት፣ "ከውጭ ላስቲክ ወጥሬባታለሁ።"