የአባት ድርሻ

በዓረፋ ምሳ ላይ ሀፊዛ ሳህኑን ይዛ አባቷ ፊት ቆመች። በቤቱ ልማድ የበጉ ላት የአባት ነው፤ ደረታቸውን ካመማቸው ወዲህ ግን ማቅረቡ አስፈራት።

«አባዬ፣ የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ያለውን ያስታውሳሉ?» አለች። «ስቡ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ እንደ ከረመ ቅቤ ሲበላሽ፣ የሰውነት ዘበኞች ሊያጸዱት ይመጣሉ። እሱን በልተው ያብጡና እዚያው ይቀራሉ። የደሙን መንገድ ጠባብ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።»

አባቷ ላቱን ትክ ብለው አዩትና ሳቁ። «ምን ዘበኞች ናቸው! የዓረፋ እንግዶች በያቸው እንጂ። ላት ፊታቸው እስካለ አይነሱም።»

ሳህኑን በቀስታ ወደ እሷ መለሱት።

«ለእኔ ቀዩን ሥጋ ስጪኝ። ከታመምኩ ወዲህ የበቅሎዬ መጫኛ ጠፍር ደርቋል፤ በዚህ ላት ስብ አለስልሽልኝ። ኢንሻአላህ አንኮበር ገበያ እወጣለሁ።»