ዓሣውን ማን በላው

ልጄ አያምነኝም። «እማዬ፣ በልተሽ ነው የምትረሺው» ይልና በር ቆልፎብኝ ይሄዳል። በየቀኑ የሚያመጣትን አንዲት ዓሣ ምራቴ ወይንሸት እየዋጠች ለእኔ የበቆሎ ቂጣ ትወረውርልኛለች ብል ማን ሰምቶኝ።

ግቢያችን የተከራየች ተመራማሪ አለች። ከሐይቁ ዳር የወፍ ላባ ትለቅምና፣ አይሶቶፕ በሚሉት ነገር ወፉ ምን ሲበላ እንደከረመ ታውቃለች። በመስኮት ጠራኋት።

«ከወፍ አነስኩ? የእኔንም ፀጉር መርምሪ። የዚያችንም ሌባ ጨምሪ።»

ከሁለታችንም ቆርጣ ወሰደች። ከርማ ውጤቱን ይዛ መጣች።

«እማማ፣ እርስዎ ዓሣ ሲበሉ ነው የከረሙት። ወይንሸት ግን ከበቆሎ ሌላ የቀመሰች አይመስልም።»

ምሳ ደረሰ። ወይንሸት ዓሣውን ከፊቴ አስቀምጣ ልትወጣ ስትል ቀሚሷን ያዝኩ።

«የት ልትሄጂ ነው? ቁጭ በይ። እያየሁሽ ብዪ።»