የሹፌሩን ዓይን አትዪ

ከጂንካ አዲስ አበባ ከገባች ሦስት ወሯ ነው፤ አደባባይ ባየች ቁጥር ግን አሁንም ፍሬን ትረግጣለች። ዛሬ ደግሞ አባቷ ከኋላ ወንበር ተጋድመው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው አደባባይ መግቢያ ላይ ቆማ ፍሬቻ አበራች፣ በእጇ ለመነች፤ ማን ሰምቷት! ሚኒባሱም የጭነት መኪናውም እየታከኳት ያልፋሉ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ይለፉ» አሉ አባቷ እያቃሰቱ።

ጎረቤቷ የመከራት ትዝ አላት። «እዚህ አገር የሹፌሩን ዓይን ካየሽ አለቀልሽ። ዝም ብለሽ ግቢ፤ ሳይወድ በግዱ ይቆማል።»

ፊቷን አዙራ ነዳጅ ረገጠች። ከግራ የመጣ መኪና ፍሬኑ ሲጮህ፣ ከኋላዋ ብረት ከብረት ሲላተም ሰማች። ዞር ብላም አላየች።

ሆስፒታሉ ደረሱ። «ሐኪሙ ተጠርተዋል፤ መንገድ ላይ ናቸው» አለቻት ነርሷ። ዐሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ… ሠላሳ ሊሞላ ሲል የአባቷ ትንፋሽ ቆመ።

ሐኪሙ ላብ አጥምቋቸው እየሮጡ ገቡ።

«አንዷ አደባባዩ ላይ ዘላ ገባችብኝ! ከኋላ ተገጭቼ፣ መንገዱ ተቆላልፎ፣ በእግሬ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጃቸው እርስዎ ነዎት?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ዓይናቸውን አላየችም።